ሰው ያለበት ማማ



ማሽላ እየጠበቃችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ማማ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አራት ባላ ይተከላል፣ አግዳሚ ይጋደምበታል፣ ላዩ በሣር ይከደናል። ወፍ ግን ማማ አይፈራም። የሚፈራው እላዩ ቆሞ ወንጭፉን የሚያሽከረክረውን ልጅ ነው። ልጁ ከወረደ ማማው ራሱ የወፍ ማረፊያ ይሆናል። ዛሬ የምነግራችሁም ስለ አንድ ማማ ነው፤ ከድንጋይ ስለ ታነጸ፣ ባሕር መካከል ስለ ቆመ፣ ከ400 ዓመት በላይ ጠባቂ ሲወጣበትና ሲወርድበት ስለ ኖረ ማማ።

ስሙ ኮርዱዋን ይባላል። የሚገኘው በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፣ የጂሮንድ ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስን በሚቀላቀልበት ሰፊ አፍ ላይ ነው፤ ከዳርቻው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ ልናገር። የቆመበትን ቦታ ደሴት ነው ለማለትም፣ አይደለም ለማለትም ያስቸግራል። ባሕሩ ሲሸሽ ሰፊ ዓለትና አሸዋ ብቅ ይላል፤ ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ከ6 ሰዓት ያህል በኋላ ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ዓለቱ ይሰጥማል፤ የሚታየው ማማው ብቻ ይሆናል። ሐይቅና ወንዝ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ የባሕር መሸሽና መመለስ ለማመን ይከብዳል። እዚያ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ የማማውን ሥራ ሁሉ፣ ግንባታውንም ጥገናውንም ስንቁንም የሚያዘው ይኸው ነው።

ማማው ለምን አስፈለገ? የወንዙ አፍ ከላይ ሲያዩት ሰፊና የተረጋጋ ይመስላል፤ ከውኃው ሥር ግን የአሸዋ ክምርና ዓለት ተደብቆበታል። አሸዋው ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ማዕበል ይወስደዋል፣ ማዕበል ያመጣዋል። ባለፈው ዓመት መርከብ ያለፈበት መንገድ ዘንድሮ መርከብ የሚሰበርበት ሊሆን ይችላል። ከወንዙ ወደ ላይ ቦርዶ የምትባለው የወይን ጠጅ ከተማ አለች። በመካከለኛው ዘመን ይህ አገር በእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ስለ ነበር በርሜል የጫኑ መርከቦች በዚህ አፍ ይመላለሱ ነበር። መብራት ከሌለ ወይኑም መርከበኛውም አሸዋ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ለእንዲህ ያለው ግንብ በአማርኛ የብርሃን ማማ የሚሉ አሉ፤ እኔ የባሕር ፋና ማለቱ ደስ ይለኛል። ፋና ወጊ የምንለው ከፊት ሆኖ ችቦ ይዞ መንገድ የሚያሳየውን ሰው ነው። በቃሉ ውስጥ ብርሃኑም ያዡም አብረው አሉ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን ይገዛ የነበረው የእንግሊዙ ንጉሥ ልጅ ኤድዋርድ፣ በታሪክ ጥቁሩ ልዑል የሚባለው፣ በዓለቱ ላይ ግንብ አሠራ። በዚያ ግንብ የኖረው ባሕታዊ ነበር። ማታ ማታ ከግንቡ አናት ላይ እንጨት ያነድዳል፣ የሚያልፉት መርከቦችም ቀረጥ ይከፍሉታል። እስቲ አስቡት፤ ዙሪያው ጨው ውኃ ነው፣ ዛፍ የለም። የሚያነድደው እያንዳንዱ ፍልጥ በጀልባ የመጣ ነው። ባሕታዊነት ከዓለም መሸሽ ነው ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ከሰው ርቆ የሚያድረው ለማያያቸው ሰዎች ነበር። የኮርዱዋን የጠባቂዎች ታሪክ ከእሱ መጀመሩ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ያ ግንብ በጊዜ ብዛት ፈራረሰ። በ1584 አዲስ ለማሠራት ውል ተፈረመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ በጊዜው የቦርዶ ከንቲባ የነበረው ሚሼል ደ ሞንቴኝ ነው፤ ድርሰቶቹ እስከ ዛሬ የሚነበቡለት ያው ሞንቴኝ። ሥራው የተሰጠው ሉዊ ደ ፏ ለተባለ መሐንዲስ ሲሆን፣ ይህ ሰው ከዚያ በፊት የአዱር ወንዝን አፍ ወደ ባዮን ከተማ በመመለስ ስሙን ያስጠራ ነበር። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በፈረንሳይ ምድር ይተራረዱ ነበር፤ ገንዘብ ይቆማል፣ ሥራ ይቋረጣል፣ ንጉሥ ይሞታል፣ ሌላ ይነግሣል። ባሕሩ ደግሞ በበኩሉ ዓለቱን ይበላል። ሉዊ ደ ፏ መሠረቱን ለማዳን 40 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የድንጋይ አጥር ዙሪያውን አቆመ። ማማው እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየው በዚያ አጥር ምክንያት ነው።

ሄንሪ አራተኛ ሲነግሥ ሥራው ከመብራት ማማነት አልፎ ወደ ቤተ መንግሥትነት ተለወጠ። አንደኛው ፎቅ የንጉሡ እልፍኝ ተባለ። ሁለተኛው ፎቅ ጉልላት ያለው ጸሎት ቤት ሆነ። ምሰሶዎቹ፣ የተጠረቡት ጌጦች፣ የእብነ በረዱ ወለል፣ ይህ ሁሉ ማንም ሊያየው በማይመጣበት ባሕር መካከል ተሠራ። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ መርከበኛ የፈረንሳይን ምድር ገና ሳይረግጥ የንጉሡን ግርማ እንዲያይ ነው። ሉዊ ደ ፏ ግን የሥራውን ፍጻሜ ሳያይ ሞተ። ልጁ ተረከበ፣ ልጁም ከሠረ። በመጨረሻ ሥራውን የፈጸመው ፍራንሷ ቦሼር የተባለ ሰው ነው፤ ዓመቱ 1611፣ ውሉ ከተፈረመ 27 ዓመት በኋላ። በንጉሡ እልፍኝ አንድም ንጉሥ አድሮበት አያውቅም። ከእልፍኙ ግድግዳ ማዶ ያደሩት፣ ያረጁትም፣ ጠባቂዎቹ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ለ200 ዓመት ያህል የማማው ታሪክ የእሳት ታሪክ ነው። በመጀመሪያ የተነደደው እንጨት ነበር። እሳቱ ከላይ ያለውን ድንጋይ አቃጥሎ ኖራ አደረገውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አናቱን ማፍረስ ግድ ሆነ፤ በምትኩ የብረት ፋኖስ ቤት ተሠርቶ ከሰል ይነድድበት ጀመር። በ1782 ከሰሉ ቀርቶ የዘይት ኩራዞችና የሚያንጸባርቁ መስታወቶች ተተከሉ። አዲስ ነገር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጢስ የለውም። መርከበኞቹ ግን አጥብቀው አማረሩ። ከሰሉ ይሻለን ነበር፣ ይህ አይታየንም አሉ። አዲሱ መብራት የወረቀት ላይ ስሌቱ ያማረ ነበር፤ በማዕበል ውስጥ ከመርከብ ጫፍ ሆኖ የሚያየው ሰው ግን ጨለማ ነበረበት። ይህን የመርከበኞች እሮሮ የሰማው ዦዜፍ ቶሌር የተባለ የቦርዶ መሐንዲስ ነው። በ1788 እና በ1789፣ በፓሪስ አብዮት በሚፈነዳበት ሰሞን፣ እሱ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ይደራርብ ነበር። የላይኛውን ክፍል አንሥቶ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ ረጅም ግንብ አቆመበት፤ ማማውም ዛሬ ያለውን 67 ሜትር ተኩል ከፍታ አገኘ። የታችኛው ቤተ መንግሥት፣ የላይኛው ባዶ ግንብ ነው። አንዳንዶች ሁለቱ አይጣጣሙም ይላሉ። እኔ ግን የላይኛውን ሳይ የመርከበኞቹ እሮሮ በድንጋይ ተጽፎ የማነበው ይመስለኛል። ቶሌር በ1790 የተከለው መብራት በሰዓት ጥርስ የሚሽከረከር ነበር።

አሁን ወደ ኦጉስታን ፍሬኔል ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ።

ፍሬኔል የመንገድ መሐንዲስ ነበር። በየገጠሩ ድልድይና መንገድ እያሠራ፣ ማታ ማታ ስለ ብርሃን የሚያስብ፣ ጤናው ደካማ የሆነ ሰው። በዚያ ዘመን ብርሃን እንደ ጥቃቅን ጥይት የሚወረወር ነገር ነው የሚለው የኒውተን ሐሳብ ገኖ ነበር። ፍሬኔል ግን ብርሃን ማዕበል ነው ብሎ ተነሣ። ጽሑፉን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርብ ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ፕዋሶን እንዲህ ሲል ተከራከረው፦ ያልከው እውነት ከሆነ በአንዲት ክብ ነገር ጥላ መካከል የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት፤ ይህ ደግሞ የማይመስል ነገር ነው። አራጎ የተባለው ሌላው ዳኛ ነገሩን በሙከራ አየው። የብርሃኑ ነጥብ በጥላው መካከል ቁጭ ብሎ ተገኘ። ፍሬኔል ሽልማቱን ወሰደ።

ይህ ሰው በ1819 የባሕር ፋናዎች ጉዳይ ወደሚመለከተው ኮሚሽን ተጠራ። ችግሩ ይህ ነበር፦ ነበልባል ብርሃኑን ወደ ሁሉ አቅጣጫ ይረጫል፤ ወደ ሰማይ የሄደው፣ ወደ ወለል የወረደው ለመርከበኛ አይጠቅምም። መስታወት ከኋላ ቢቆምም ከተቀበለው ብርሃን ግማሽ ያህሉን ይበላዋል። ሌንስ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ለፋና የሚበቃ ትልቅ ሌንስ መካከሉ እጅግ ስለሚወፍር ክብደቱ አይቻልም፣ የወፈረው ብርጭቆም ብርሃን ያስቀራል። ፍሬኔል ያየው ብርሃንን የሚያጥፈው የሌንሱ ገጽ እንጂ በውስጡ ያለው የብርጭቆ ውፍረት እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ ውፍረቱን ቆርጦ ጣለ፤ ገጹን ብቻ በቀለበት በቀለበት አድርጎ አንዱን ከሌላው አስከትሎ ደረደረው። መካከሉ ላይ እንደ ዓይን ብሌን ያለ ክብ፣ ዙሪያውን ቀለበቶች፤ እያንዳንዱ ቀለበት የደረሰውን ጨረር አጥፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል። የተበተነው ተሰብስቦ እንደ ጦር ይወረወራል።

ፍሬኔል ራሱ ወደ ኮርዱዋን መጥቶ ተከላውን መራ። ጁላይ 25 ቀን 1823 የመጀመሪያው የፍሬኔል ሌንስ በዚያ ማማ አናት ላይ በራ። ከዚያ ወዲያ በመላው ዓለም ዳርቻዎች የተተከሉት ትልልቅ ፋናዎች ሁሉ የዚያ ሌሊት ልጆች ናቸው። ሰውየው ግን ብዙ አልቆየም። በ1827 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዕድሜው 39 ነበር።

ሌንሱ ግን በዚያ ዘመን ብቻውን አያበራም ነበር። ከመካከሉ ክር ያለው የዘይት ኩራዝ ነበረ፤ ክሩ ሲከስል መቆረጥ ነበረበት፣ ዘይቱ ሲጎድል መሞላት ነበረበት። ሌንሱን የሚያሽከረክረው ጥርስ የሚዞረው ወደ ታች በሚወርድ ክብደት ስለሆነ ክብደቱን ወደ ላይ መልሶ የሚጠመጥመው ሰው ያስፈልግ ነበር። ብርጭቆው በየቀኑ ይወለወል ነበር፤ የጥላሸት ጭረት በመርከበኛው ዘንድ የጠፋ ብርሃን ነውና። ዛሬ ወደ ማማው አናት የሚያደርሱት ደረጃዎች 301 ናቸው። ዘይቱን ያወጡት የጠባቂዎች ትከሻዎች ናቸው። በቅሎ በዚያ ደረጃ አይወጣም።

የፈረንሳይ ፋና ጠባቂዎች የሥራ ቦታቸውን በሦስት ስም ይጠሩት ነበር። በየብስ ላይ ያለው ፋና ገነት ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉ፣ የጓሮ አትክልት አለ። በደሴት ላይ ያለው የነፍስ ማጥሪያ ነው። ባሕር መካከል ብቻውን ከዓለት ላይ የበቀለው ግን ሲኦል ነው። ከሲኦሎቹ የከፋው በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ ያለው አር-መን ነበር፤ እሱን ለመሥራት ብቻ ከ1867 እስከ 1881 ድረስ 14 ዓመት ፈጅቷል። ማዕበል ሲመታው ግንቡ ይንቀጠቀጣል፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ይወድቃል። ተተኪውን ሰው የሚያመጣ ጀልባ ባሕሩ ካልፈቀደለት አይጠጋም፤ ተራው ያለፈበት ሰው ምግቡን እየቆጠበ ይጠብቃል። እነዚህ ሰዎች ጀግና ተብለው ሐውልት የቆመላቸው አይደሉም። የሠሩት ሥራ የሚታወቀው ባልደረሰው አደጋ ነው፤ ያልሰጠመ መርከብ ደግሞ ወሬ አይሆንም።

ነገሩ ወደ እኛም ይቀርባል። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ቀይ ባሕር የዓለም መርከብ መንገድ ሆነ። የኦቶማን መንግሥት በ1881 ኮላስና ሚሼል ለተባሉ ፈረንሳውያን ሥራ ፈጣሪዎች ፋና እንዲሠሩ ፈቃድ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 1903 ድረስ ከምፅዋ ትይዩ ባለው ጀበል አጥ-ጠይር፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በአቡ ዓሊ ደሴት፣ እንዲሁም በዙበይርና በሞካ መብራቶች ቆሙ። ደሴቶቹ ዕፅዋት የማይበቅልባቸው፣ የሚጠጣ ውኃ የሌላቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው፤ ጀበል አጥ-ጠይር በ2007 ፈንድቷል። ኦቶማን ወደቀ፣ መንግሥታት ተለዋወጡ፣ መብራቱን ማን ይጠብቅ፣ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ግን ለአሥርት ዓመታት በጉባኤ ላይ ጉባኤ አስጠራ። በመጨረሻ ኤርትራና የመን በደሴቶቹ ባለቤትነት ተካስሰው በ1998 የግልግል ዳኞቹ ሲወስኑ ከመዘኗቸው ነገሮች አንዱ መብራቱን የጠገነውና የጠበቀው ማን ነው የሚለው ነበር። በድንጋይ ላይ ያደረ መብራት ጠባቂ ከሞተ በኋላ በዳኛ ፊት ምስክር ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ወደ ኮርዱዋን የገባው በ1948 ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። አምፖል ክር አይቆረጥለትም፣ ዘይት አይሞላለትም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የፈረንሳይ የባሕር ፋናዎች አንድ በአንድ በራሳቸው የሚሠሩ ሆኑ፤ ጠባቂዎቹም ወረዱ። በዚያው በብሪታኒ ባሕር ኬሬኦን የሚባል ፋና አለ። ወለሉ ከልዩ ልዩ ዓይነት እንጨት በጥበብ የተገጣጠመ ስለሆነ ጠባቂዎቹ እንዳይጭሩት በለስላሳ የቤት ጫማ ይሄዱበት ነበር። በ2004 የመጨረሻዎቹ ወጡ፤ በሩ ተቆለፈ። ምድጃ የሚያነድድበት፣ መስኮት የሚከፍትበት ሰው በሌለበት እርጥበቱ ገባ። ሰው በጫማ ሊረግጠው የሳሳለት ወለል ለሻጋታ ተተወ። ይህን ሳስብ እበሳጫለሁ። መብራቱ ይሠራል፣ ስለዚህ ሁሉም ደህና ነው ተባለ፤ ቤቱ ግን እየሞተ ነበር።

ኮርዱዋንም በ2006 በራሱ እንዲበራ ተደረገ። በ2012 የመንግሥት ጠባቂዎቹ ተሰናበቱ። ታሪኩ እዚያ ላይ እንደ ሌሎቹ ማብቃት ይችል ነበር። በወንዙ አፍ ዙሪያ ያሉት የአካባቢ መስተዳድሮች ግን በማኅበር ሆነው ለማማው የራሳቸውን ጠባቂዎች ቀጠሩ። ባሕር መካከል ካሉት የፈረንሳይ ፋናዎች ሁሉ ዛሬ ሰው የሚያድርበት እሱ ብቻ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ ይኖራሉ። መብራቱን አያበሩም፤ መብራቱ እነሱን አይፈልግም። ቤቱ ግን ይፈልጋቸዋል።

ቤቱ ለምን እንደሚፈልጋቸው ስለ ድንጋዩ ብነግራችሁ ይገባችኋል። ማማው የተሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ ለመጥረብ የሚመች፣ ዓይን የሚማርክ፣ ነገር ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ። የባሕሩ ውኃ ጨዉን ይዞ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ፀሐይ ሲወጣ ውኃው ይተንናል፣ ጨዉ ይቀራል፣ ጠጥሮ ያብጣል። ያበጠው ጨው የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል። ይህ በዓመት ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል፤ የተቀረጸው አበባ ቅጠሉ ይረግፋል፣ የምሰሶው ጫፍ እንደ ዱቄት ይበናል። ስለዚህ ኮርዱዋን ተጠግኖ የሚያበቃ ቤት አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጠግኗል፣ በ18ኛው ተጠግኗል፣ በ19ኛው አጋማሽ ላይ ሰፊ የድንጋይ ሥራ ተሠርቶለታል። በ1862 በታሪካዊ ሐውልትነት ሲመዘገብ ከፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ጋር በአንድ ዓመት ነበር። በእኛም ዘመን ውጭው፣ ቀጥሎም ጸሎት ቤቱና የንጉሡ እልፍኝ በተራ ተሠርተዋል።

የጥገናው አሠራር ራሱ ትምህርት ነው። የተበላው ድንጋይ ይለያል፤ መዳን የሚችለው ጨዉ እየወጣለት ይቆያል፣ የማይድነው በልኩ በተጠረበ አዲስ ድንጋይ ይተካል። ግንበኛው የባሕሩን ሰዓት እንደ ቅዳሴ ሰዓት ያከብራል፤ ድንጋዩ፣ ኖራው፣ መወጣጫው፣ የሚጠጣው ውኃ እንኳ በባሕሩ ፈቃድ ነው የሚገባው። የአውሮፓ ክረምት ሲገባ ሥራው ይቆማል። በክረምት ማዕበል መካከል የትኛው ስንጥቅ እንደ ሰፋ፣ የትኛው መስኮት ውኃ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ጌጥ እንደ ወደቀ የሚያየው እዚያ ያደረው ጠባቂ ነው። መሐንዲሱ በፀደይ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። አንድ ስንጥቅ በጣት ልክ ሳለ ያየው ሰው ካለ ሥራው የአንድ ሳምንት ነው፤ ካላየው የአንድ ሕይወት ይሆናል።

በ2021 ዩኔስኮ ኮርዱዋንን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከባሕር ፋናዎች ቀድሞት የተመዘገበው በስፔን የሚገኘው፣ ሮማውያን የሠሩት የሄርኩለስ ማማ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የቆመው በየብስ ላይ ነው።

ከፀደይ እስከ መከር ድረስ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ጀልባቸው ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ ይጠጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው የመጨረሻዎቹን ሜትሮች በውኃ ውስጥ ይራመዳሉ። በር ላይ የሚቀበሏቸው ጠባቂዎቹ ናቸው። ባሕሩ መመለስ ሲጀምር ጎብኚው ሁሉ በጥድፊያ ወደ ጀልባው ይወርዳል። ሁለቱ ይቀራሉ። ደረጃው ላይ የገባውን አሸዋ ይጠርጋሉ፣ እልፍኙ እንዲናፈስ የተከፈቱትን መስኮቶች ይዘጋሉ፣ በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ የወረደ የድንጋይ ብናኝ እንዳለ ያያሉ። ዓለቱ ከውኃው በታች ይገባል። ሲመሽ መብራቱ ማንም ሳይነካው ይበራል፤ በየ12 ሰኮንዱ ሦስት ጊዜ እየተሸፈነ፣ ለአንዱ አቅጣጫ ነጭ፣ ለሌላው ቀይ፣ ለሌላው አረንጓዴ ሆኖ ለመርከቡ የትኛው መንገድ ጥልቅ እንደሆነ ይነግረዋል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ከደረጃው ሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ፣ በየፎቁ እየቆመ፣ ግድግዳውን በእጁ መዳፍ ይዳስሳል።